ተሰውሮ ስለሚኖር የአመጋገብ ሕመም

የታመመ ሰው በመክሳቱ ወይም በመገርጣቱ ይታወቃል ብለን ማሰብ ልማዳችን ነው። ነገር ግን ክብደት ሳይጎድል፥ መልክም ሳይለወጥ ሰውን የሚጎዳ ሕመም ስላለ በዚህ ወር ስለ እርሱ ልናስረዳ ወደናል። ሐኪሞች ቡሊሚያ ነርቮሳ ይሉታል። ቡሊሚያ ከግሪክ ቋንቋ የተገኘ ቃል ሲሆን ትርጓሜው «የበሬ ረኃብ» ማለት ነው። ሕመሙን በዚህ ስም ለይተው የገለጹት የለንደኑ ሐኪም ፕሮፌሰር ጄራልድ ራስል ናቸው፤ ጽሑፋቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. ነው።

ታማሚው ውፍረትን አብዝቶ ስለሚፈራ ምግብ ይቀንሳል። ረኃቡ ሲጠናበት ግን ራሱን መግዛት ተስኖት በጥቂት ጊዜ ውስጥ እጅግ ብዙ ምግብ በስውር ይበላል። ከዚያም ሐፍረትና ጸጸት ይይዘውና የበላውን ሆን ብሎ ያስመልሳል፤ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይወስዳል። በማግሥቱ እንደገና ምግብ ይቀንሳል፤ ነገሩም ከመጀመሪያው ይደገማል። ይህ ቢያንስ በሳምንት 1 ጊዜ ለ3 ወር ሲደጋገም ሐኪሞች ሕመሙ መኖሩን ይወስናሉ።

ማስመለስ ሲዘወተር ከሆድ የሚወጣው አሲድ ጥርስን ይሸረሽራል፤ በጉንጭ አጠገብ ያሉት የምራቅ ዕጢዎችም ያብጣሉ። ያስመለሰ ሰው ጥርሱን ወዲያው ከመቦረሽ በውኃ ቢጉመጠመጥ ይሻለዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ከደም መጉደሉ ነው፤ በዚህ ምክንያት የልብ አመታት ተዛብቶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ድካሙም ከንቱ ነው፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚያስወጣው በአብዛኛው ውኃን ነውና።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስናና በወጣትነት ዕድሜ ስለሆነ መምህራን ሊያስተውሉት ይችላሉ። ወንዶችን ቢይዝም በብዛት የሚያጠቃው ሴቶችን ነው። ስለ ውፍረቷ ዘወትር የምትጨነቅ፥ ከምግብም በኋላ ሁልጊዜ ወደ መጸዳጃ ቤት የምትፈጥን ተማሪ ብትኖር ልብ ይሏል። «ሆዳም» ብሎ መስደብ ወይም በጓደኞቿ ፊት መገሠጽ ሕመሙን ይበልጥ እንድትሰውር ያደርጋታል። ለብቻዋ ጠርቶ በለዘበ ቃል ማነጋገር፥ ከወላጆቿም ጋር መክሮ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል።

ሕመሙ ሊድን የሚችል ነው። ዋናው ሕክምና በተወሰነ ሰዓት አዘውትሮ መመገብና ስለ ሰውነት ቅርጽ ያደረውን የተዛባ አሳብ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በንግግር ማቃናት ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ታማሚው መደበቁን እንዲተው ግን አስቀድመን እኛ መሳለቃችንን እንተው።