እድፉን ሳያውቁ ሳሙና አያንሱ

የእህቴ የመልስ ዕለት ነው። እናቴ ከሳጥኗ አውጥታ ያለበሰችኝን የጥበብ ቀሚስ ለብሼ እንግዳ ሳስተናግድ፣ ከያዝኩት ጎድጓዳ ሳህን የክክ አልጫ ጉልበቴ ላይ ጠብ አለ። ወደ ጓዳ ሮጥኩና ያገኘሁትን ደረቅ ሳሙና አንስቼ እድፉን አሸሁት። ቢጫው እድፍ ዓይኔ እያየ ደም መሰለ። ውሃ ጨመርኩ፣ ደግሜ አሸሁ፤ ባሸሁት ቁጥር መቅላቱ ባሰ። የእናቴን ቀሚስ አበላሸሁት ብዬ እንባዬ ሊመጣ ሲል ወጥ ቤት የነበሩት ጎረቤታችን ጠጋ ብለው አዩት።

«አይዞሽ ልጄ፣ እርድ ነው፤ ሳሙና ሲነካው ይቀላል። በቀዝቃዛ ውሃ ደህና አድርገሽ አለቅልቂውና ነገ ፀሐይ ላይ አስጪው» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። ሲለቀለቅ ቀዩ ወደ ቢጫ ተመለሰ፤ በማግስቱ ፀሐይ ላይ ሲውል ቢጫው ሳሳ፤ በሦስተኛው ቀን የት እንደነበረ እኔም ጠፋኝ። የእርድ ቀለም ከአልካሊ ጋር ሲገናኝ ይቀላል፤ ሳሙና ደግሞ አልካሊ ነው። ይኸው ቀለም የፀሐይን ብርሃን መቋቋም አይችልም፣ ይፈርሳል። ጎረቤታችን ይህን ከኬሚስትሪ መጽሐፍ አላነበቡትም። አርባ ዓመት ልብስ ሲያጥቡ ያዩትን ነው የነገሩኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እድፍ ባየሁ ቁጥር ከሳሙናው በፊት አንድ ጥያቄ አነሳለሁ፤ ይህ እድፍ ከምን መጣ? መልሱ ከታወቀ የማስለቀቂያው መንገድ ግማሽ ያልቃል። መልሱ ሳይታወቅ የተጀመረ እጥበት ግን ብዙ ጊዜ እድፉን ከልብሱ ጋር ያጋባዋል።

መጀመሪያ ጨርቁን

የአገር ልብስ ከሱቅ ሸሚዝ ጋር በአንድ ዓይን አይታይም። ፈትል የምንለው ጨርቅ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ሲሆን ማጉ በእጅ የተፈተለ ነው። የእጅ ፈትል ልልና ለስላሳ ነው፤ ጋቢን የሚያሞቀው፣ ነጠላን ገላ ላይ የሚያሳርፈውም ይኸው ልልነቱ ነው። በዚያው ልክ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠመዘዝ ይዛባል፤ በብሩሽ ሲፈተግ ይሳሳል።

ስለዚህ ፈትል አይጠመዘዝም። ሳፋ ውስጥ በመዳፍ እየተጫኑ ያጥቡታል፤ ሲያወጡትም ከሥሩ በሁለት እጅ አቅፈው ነው። አራት ደርብ የሆነ ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ብዙ ነው፤ በአንድ ጫፍ ይዘው ካነሱት የራሱ ክብደት ይጎትተውና ቅርጹን ያጣል። ውሃውን ለማስወጣት በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ መጫን ይበቃል።

ጥበብ ያለው ከሆነ ደግሞ አስቀድመው ቀለሙን ይፈትኑ። ነጭ ጨርቅ ያርጥቡና ከውስጥ በኩል ጥበቡን ለአንድ ደቂቃ ይጫኑት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ቀሚሱ መዘፍዘፍ የለበትም፤ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ታጥቦ፣ ቶሎ ተለቅልቆ፣ ጥበቡ ነጩን እንዳይነካ በመሃል ፎጣ ተደርጎ ይሰጣል። ቀለሙ ከፈሰሰም እንዳይደርቅ ያድርጉ። እርጥብ እያለ ደጋግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ ብዙውን ጊዜ ያወጣዋል፤ ከደረቀና ካውያ ከነካው ግን አስቸጋሪ ነው።

ከሳሙና በፊት የነበረው ሳሙና

የፋብሪካ ሳሙና ሳይመጣ ነጭ ልብሳችንን ነጭ አድርጎ ያቆየልን እንዶድ ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ሲመታ አረፋ ይሰጣል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የሳፖኒን አንድ ወገን ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ወገን ቅባት ይወዳል፤ ቅባት ወዳዱ እድፉን ሲይዝ ውሃ ወዳዱ ጎትቶ ይዞት ይወጣል። የማንኛውም ሳሙና ሥራ በመሠረቱ ይኸው ነው። እናቶቻችን ወንዝ ዳር ያደርጉት የነበረው ነገር ዛሬ በፋብሪካ ከሚደረገው በመርሕ አይለይም።

እንዶድ ለዓለም የተዋወቀውም በልብስ እጥበት በኩል ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ስለ ብልሃርዝያ ሲያጠና ዐድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ነገሩን ተከታተለው፤ እንዶድ እንደሚገድላቸውም አረጋገጠ። ለዚህ ሥራ እሱና ባልደረባው ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። ለዘመናት ልብስ ያጠቡበት ሴቶች የሚያውቁት ተክል አንድ አስተዋይ ዓይን ሲያርፍበት የሕክምና ጉዳይ ሆነ።

ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእንዶድ ዱቄት ዓይንና አፍንጫን ያቃጥላል፣ ቢዋጥ መርዝ ነው፤ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ዓሣንም ስለሚጎዳ እጣቢውን ወንዝ ውስጥ ሳይሆን ሜዳ ላይ መድፋት ይገባል።

እድፍን በየዘሩ

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ለእድፍ ከዚህ የተሻለ ምክር የለም። እርጥብ እድፍ እንግዳ ነው፤ የደረቀ እድፍ ባለቤት ነው። በድግስ መሃል እንኳ ብትሆኑ በንጹሕ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጎ ትርፉን መምጠጥና ቀዝቃዛ ውሃ ማስነካት ይቻላል። ማሸት ግን አይገባም፤ ማሸት ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ዙሪያውንም ያሰፋዋል። ውሃ ሲያፈሱም ከጀርባው ያፍስሱ፤ እድፉ በገባበት በኩል እንዲወጣ።

*ደም፣ ወተት፣ እንቁላል።* እነዚህ ፕሮቲን ናቸው። ሙቀት እንቁላልን መጥበሻ ላይ ምን እንደሚያደርገው እናውቃለን፤ ደምንም ክሩ ውስጥ እንደዚያው ያረጋዋል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። ጨው የበዛበት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፎ ከዚያ በሳሙና ማጠብ ነው። ለነጭ ጥጥ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ሦስት በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የቀረውን አረፋ አድርጎ ያወጣዋል፤ ጥበቡን ግን እንዳይነካ።

*ቀይ ወጥ።* እዚህ ሁለት እድፍ በአንድ ላይ አለ፤ ቅባትና የበርበሬ ቀለም። የበርበሬ ቀለም በውሃ ሳይሆን በቅባት ውስጥ የሚሟሟ ነው፤ ስለዚህ ቅባቱ ሳይወጣ ቀለሙ አይወጣም፣ ውሃ ብቻውን ደግሞ ምንም አይሠራም። ትርፉን በማንኪያ ጫፍ ያንሱ፤ በደረቁ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርገው በጣት ቀስ ብለው ያስገቡት፤ ሩብ ሰዓት ካቆዩት በኋላ ለብ ባለ ውሃ ያጥቡት። ቀይ ጥላ ከቀረ እርጥቡን ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ እንደ እርዱ ሁሉ የበርበሬውም ቀለም በብርሃን ይፈዛል።

*የፀጉር ቅቤ።* ፀጉር ከተቀባች ሴት ነጠላ ላይ የሚቀረው ቢጫ ዳር ንጹሕ ቅባት ነው። አዲስ ከሆነ ዱቄት ነስንሶ አንድ ሰዓት መተው ነው፤ ዱቄቱ ቅቤውን ይጠጣል። ከዚያ አራግፎ እንደ ወጡ በፈሳሽ ሳሙና ማጠብ። እዚህ ሞቅ ያለ ውሃ ወዳጅ ነው።

*ቡናና ሻይ።* እነዚህ የታኒን እድፍ ይባላሉ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ደረቅ ሳሙና ታኒንን ጨርቁ ላይ ያጸናዋል። ከጀርባው ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሰው፣ ጥቂት አቼቶ በውሃ በጥብጠው ያስነኩት፣ ከዚያ በደረቅ ሳሙና ሳይሆን በዱቄት ሳሙና ያጥቡት። ወተት የገባበት ሻይ ከሆነ ፕሮቲንም አለውና ሙቅ ውሃ አይቅረበው።

*የጧፍ ሰም።* ከትንሣኤ ሌሊት በኋላ ነጠላ ላይ ሰም የማያገኝ ቤት ጥቂት ነው። እርጥቡን ሰም አይንኩት፤ ይቀዝቅዝና ይድረቅ፣ በረዶ ካለ በረዶ ይያዝበት፣ ከዚያ በጥፍር ወይም በደነዘዘ ቢላ ይፈልፈል። ክሩ ውስጥ ለቀረው፣ እድፉን ከላይና ከታች በንጹሕ ወረቀት ይዘው ለብ ያለ ካውያ ያሳልፉበት። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ወረቀቱ ይጠጣዋል። ወረቀቱን እየቀየሩ ሰም መውሰዱን እስኪያቆም ይድገሙት። ጽሑፍ ያለበት ጋዜጣ አይሁን፤ ቀለሙ ይተላለፋል።

*ዝገት።* ዝገት ከያዘ ሽቦ ላይ የተሰጣ ነጭ ልብስ ቡናማ መስመር ይዞ ይመጣል። ሎሚ ጨምቀው ጨው ነስንሰው ፀሐይ ላይ ያቆዩት፤ ሲደርቅ ደግመው ያርጥቡት፣ ከዚያ ያለቅልቁት። በረኪና ግን በጭራሽ። በረኪና ዝገትን ያጸናዋል እንጂ አያስለቅቀውም።

*ጭቃ።* እርጥብ ጭቃ ሲያሹት ይሰፋል። ይድረቅ፤ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ፤ ከዚያ ይታጠብ።

ስለ በረኪና አንድ ቁም ነገር

በረኪና ለነጭ ጥጥ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ነገር ግን እድፉን ከማስወጣት ይልቅ ቀለሙን የሚያጠፋ ኃይለኛ ነገር መሆኑን መርሳት አይገባም። ደጋግሞ የተነከረበት ክር ይሳሳል፤ ሐርና ሱፍማ ጭራሽ ይበላል፤ ጥበብንም ያደበዝዛል። ካስፈለገ አንድ የቡና ሲኒ በአንድ ሙሉ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ መጀመሪያ ይበጥብጡ፣ ልብሱ ከዚያ ይግባ፣ ከአሥር ደቂቃ አይለፍ። በቀጥታ ልብስ ላይ አይፈስም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። ከአቼቶ በኋላ በረኪና መጠቀም ያሰበ ሰው በመሃል ልብሱንም ሳፋውንም በብዙ ውሃ ያለቅልቅ።

ከእጥበት በኋላ

ብዙ ነጭ ልብስ የሚጠቁረው በእድፍ ሳይሆን ባልወጣ ሳሙና ነው። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ሲበዛበት ከሳሙናው ጋር ተጣብቆ ግራጫ ሽፋን ይተዋል። ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ይለቅለቅ፤ በመጨረሻው ውሃ ላይ ጥቂት አቼቶ ጠብ ማድረግ የቀረውን ያወጣል። በውጭ አገር ሆናችሁ በማሽን የምታጥቡ ደግሞ ቀሚሱን በመረብ ከረጢት አድርጋችሁ በቀዝቃዛና በዝግታ ዑደት እጠቡት፤ እድፉ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አታስገቡት። ሙቀቱ የተረፈውን እድፍ ለዘለቄታው ያትመዋል። ካውያም እንደዚያው ነው።

ነጩን ፀሐይ ላይ፣ ባለ ጥበቡን ገልብጠው ጥላ ሥር ያስጡ። ሳጥን ውስጥ ከማስገባትዎ በፊትም፣ አንድ ቀን ብቻ የተለበሰና ንጹሕ የሚመስል ቢሆን እንኳ፣ ይታጠብ። ጠጅና ለስላሳ መጠጥ ሲደርቁ አይታዩም፤ ስኳራቸው ግን ክሩ ላይ ይቀራል። ሳጥን ውስጥ ሲከርም፣ ካውያ ሲነካውም ቡናማ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ልብሱን ስናወጣ ከየት መጣ የምንለው እድፍ እሱ ነው።

እናቴ ቀሚሷን አጣጥፋ ሳጥን ከማስገባቷ በፊት መስኮት አጠገብ ሄዳ በብርሃን ትይዘዋለች። ከአንገቱ እስከ ጫፉ ቀስ ብላ ታሳልፈዋለች፤ ጉልበቱ ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆም ትላለች። እኔም አሁን የራሴን እንደዚያው አደርጋለሁ። ፈታይዋ በጣቷ፣ ሸማኔው በእግሩና በእጁ የደከሙበትን ልብስ ለልጅ የማድረሱ ሥራ በእኛ በአጣቢዎቹ እጅ ነውና።