ስለ ገንዘብ ግራፍ፤ የዕድራችንን ደብዳቤ ምክንያት በማድረግ

እዚህ ለቡ በሰፈራችን ያለው ዕድር በየወሩ አንዲት ገጽ የሒሳብ ደብዳቤ ለአባላቱ ያወጣል። የዕድሩ ጸሐፊ አባቴ ስለ ሆኑ፣ ደብዳቤዋን በኮምፒዩተር የምጽፍ፣ በቴሌግራም የምልክ፣ ስልክ ለማይወዱ አዛውንትም አትሜ በየበራቸው የማደርስ እኔ ነኝ።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ወርኃዊውን መዋጮ ከፍ ለማድረግ ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ከአባላቱ መካከል በጡረታ ብቻ የሚተዳደሩ እናቶችና አባቶች አሉ፤ መዋጮውን ካልቻሉ ከዕድሩ መውጣታቸው ነው፤ ከዕድር የወጣ ሰው ደግሞ ኀዘን በደረሰበት ቀን ድንኳን የሚተክልለት አያገኝም። መዋጮው ባለበት ከቀረም ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። የዕድሩ ሊቀ መንበር ጠርተውኝ፣ «ቁጥር ብቻ ደርድረን ብንልክ የሚያነብልን የለም፤ ብር እንዴት እንደ ረከሰ በሥዕል አድርገህ ከደብዳቤው ላይ አውጣልን» አሉኝ። እኔም ግራፍ መሥራት የአንድ ምሽት ሥራ መስሎኝ በደስታ ተቀበልሁ።

ግራፍ ማለት ቁጥርን ወደ ርዝመት መለወጥ ነው። ዓይን ርዝመትን ፈጥኖ ያመዛዝናልና፣ ከብዙ የቁጥር ረድፍ ይልቅ አንዲት መስመር ቶሎ ትገባዋለች። ይህን ዘዴ ለንግድና ለገንዘብ ነገር በመጽሐፍ ያሳየው ዊልያም ፕሌይፌር የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ነው፤ በ1786 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝን የውጭ ንግድ በመስመር ሥሎ አቀረበ። ለስኮትላንድ ግን ያገኘው የአንድ ዓመት ሒሳብ ብቻ ስለ ነበረ መስመር ሊያስኬድ አልቻለም፤ በመስመር ፈንታ ርዝመታቸው የተለያየ ዘንጎች ደረደረ። ዛሬ ባር ግራፍ የምንለው ከዚህ ችግር የተገኘ መሆኑን ሳነብ ሣቅ ብያለሁ።

ወደ ራሴ ሥራ ልመለስ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋን ለገበያ ሲለቅ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዕለቱ ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከ120 ብር በላይ ሆኗል። እኔም ቋሚውን መስመር ከ50 አስጀምሬ፣ ለእያንዳንዱ ብር 2 ሚሊ ሜትር ሰጥቼ ሣልሁት። ቀዩ መስመር እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ወጣ። አባቴም አደነቁ፤ እኔም ኮራሁ።

ከስብሰባው በፊት ደብዳቤውን ሳድል፣ በመብራት ኃይል በኩል የሚኖሩ፣ በሒሳብ ሠራተኛነት ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ከበራቸው ላይ አቁመውኝ ወረቀቱን አተኩረው ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ የዚህ ቤት ወለሉ የት ነው?» አሉኝ። ጥያቄው አልገባኝም። ማስመሪያ አስመጥተው ለኩ። 57 ብር ከሥር 1.4 ሳንቲ ሜትር፣ 120 ብር ደግሞ 14 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል፤ ለዓይን ዐሥር እጥፍ ማለት ነው። እውነተኛው ግን ከእጥፍ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ወለሉን ከዜሮ አንሥቼ 50 ላይ ስላደረግሁት ባላወቅሁት መንገድ ዋሽቻለሁ። በዚህ ሥዕል ተደናግጦ እጁን የሚያወጣ ሰው ቢኖር ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ቤቴ ተመልሼ ከዜሮ ጀመርሁ፤ እንዲያውም ብልጥ ለመሆን ብዬ ወደ ኋላ እስከ 1965 ዓ.ም. ሄድሁ። ከዚያ ዓመት አንሥቶ ሃያ ዓመት ለሚያህል ጊዜ የአንድ ዶላር መንግሥታዊ ዋጋ 2 ብር ከ07 ሳንቲም ነበር፤ በ1985 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ። አዛውንቱ ሁለተኛውን ሥዕል አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በ1985 ደመወዝተኛ ነበርሁ። ያን ጊዜ ያየነውን እዚህ ላይ አላገኘሁትም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የ1985ቱ ዝላይ በእኔ ወረቀት ላይ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የ2016ቱና የ2017ቱ ከ12 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። በእጥፍ ብንመዝነው ግን የቀድሞው ይበልጣል፤ ከ2.07 ወደ 5 ሲሄድ 2.4 ጊዜ ያህል፣ ከ57 ወደ 120 ሲሄድ 2.1 ጊዜ ያህል ነውና።

ለዚህ መድኃኒቱ በክፍል የተማርነው ሎጋሪዝም ነው። በሎጋሪዝም ልኬት እኩል ርቀት ማለት እኩል እጥፍ ማለት ነው፤ ከ1 እስከ 10 ያለው ርቀት ከ10 እስከ 100 ካለው ጋር አንድ ነው። ለዐሥር እጥፍ 10 ሳንቲ ሜትር ብንሰጥ፣ የ1985ቱ 3.8፣ የኋለኛው 3.2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሎጋሪዝም ለምን ይጠቅማል እያልሁ ሳጉረመርም የሰሙኝ የሒሳብ መምህራችን ይህን ሲያነቡ እንደሚታረቁኝ ተስፋ አለኝ። ነገር ግን ይህ ልኬት ዜሮ የለውም፤ ሎጋሪዝም ላልተማሩ እናቶች ብልክላቸው ሌላ ማሳሳት ነውና ከደብዳቤው አላወጣሁትም።

የዘመን አቆጣጠሩም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የምንዛሪው መዝገብ በፈረንጅ ወር፣ የዕድሩ ሒሳብ በእኛ ወር ነው፤ ጳጉሜን እንደ ሙሉ ወር ቦታ ብሰጣት በአምስት ቀን ውስጥ መዋጮው የጠፋ ይመስላል። ከነሐሴ ጋር አጣበቅኋት።

የቀረው ጥያቄ ከሁሉ የከበደው ነበር፤ እርሱንም ያነሡት አዛውንቱ ናቸው። «ዕድራችን ዶላር አይገዛም። የሚገዛው የንፍሮ እህል፣ ስኳርና ከሰል ነው፤ የእነርሱን ለምን አትሥልም?» አሉኝ። እውነትም የዶላር ዋጋ ከውጭ በሚመጣው ዕቃ በኩል ይነካናል እንጂ በቀጥታ የዕድራችን ወጪ አይደለም። አባቴና እኔ የአምስት ዓመት ደረሰኝ ከካርቶን አውጥተን ሦስት ሌሊት ደመርን። የ2012 ዓ.ም. የአንድ ኀዘን ወጪ 100 ይሁን ብለን፣ የየዓመቱን ወጪ ከዚያ አንጻር አሰላን፤ መዋጮውንም እንዲሁ። ከዜሮ ተነሥተው የተሣሉት ሁለት መስመሮች አብረው ከ100 ይጀምራሉ፤ መዋጮው ሜዳ ለሜዳ ሲሄድ ወጪው ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። እንደ መጀመሪያው ሥዕል የሚያስደነግጥ አልነበረም።

በስብሰባው ላይ አንዲት እናት፣ «የላይኛው መስመር እኛ ነን ወይስ ንፍሮው?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወዲያ በመስመሮቹ ጫፍ ላይ ስማቸውን እጽፋለሁ። ኮሚቴው መዋጮው እጥፍ እንዲሆን ጠይቆ ነበር፤ ከብዙ ክርክር በኋላ በግማሽ እንዲጨመርና የጡረተኞቹ ለአንድ ዓመት ባለበት እንዲቆይ ተስማሙ። አዛውንቱም አሁን ደብዳቤውን ስሰጣቸው መነጽራቸውን ያደርጉና፣ ሰላምታዬን ሳይመልሱ በፊት በጣታቸው ከታች በግራ በኩል ያለችውን ዜሮ ይፈልጋሉ።