በሚያበራ የመድረክ ጎራዴ ውስጥ ስለሚፈጠር የሽቦ ሁከት

በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር በመጀመሪያ ሲታይ የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ይኸውም የእጅ ሥራ የሚወዱ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ለቴአትርና ለትርዒት የሚሠሩት፣ ስለቱ በኤሌክትሪክ የሚያበራ ጎራዴ ነው። ለጎንደር ሰው ጎራዴና ሾተል እንግዳ ነገር አይደሉም። ዐፄ ቴዎድሮስን በመድረክ ላይ የሚያሳይ ሁሉ ጎራዴ ሳያስታጥቅ አያወጣቸውም። እንግዲህ እጁ ሥራ የለመደ ወጣት እውነተኛውን ብረት ትቶ፣ እጀታው እንጨት፣ ስለቱ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቧንቧ የሆነ፣ ሲወዛወዝም የሚያጉረመርም ጎራዴ ቢያበጅ የሚያስደንቅ አይደለም።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጎራዴው በጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ተዋናዩ መዝዞ በሙሉ ብርሃን ሲያበራው ቀለሙ ይዘበራረቃል፤ ድምፅ ማጉያው እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል፤ አንዳንድ ጊዜም ድርግም ብሎ ጠፍቶ እንደ ገና ይነሣል። ሠሪው ባትሪውን ይለውጣል፤ አልሆን ሲለው መብራቱን ይለውጣል፤ በመጨረሻም የማዘዣውን ሰሌዳ አውጥቶ ይጥለዋል። የተማሪ ኪስ ይህን ሁሉ አይችልም። በእኛ አስተያየት ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም አልተበላሸም፤ ጥፋቱ ኮረንቲው ወደ ምንጩ በሚመለስበት ሽቦ ላይ ነው።

የሚያበራ ሰይፍ አሳብ በዓለም የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1977 ከወጣው ስታር ዎርስ ከተባለው ሲኒማ ወዲህ ነው። በዚያ ፊልም የሉክ ስካይዎከር ሰይፍ እጀታ የተሠራው ግራፍሌክስ ከተባለ የፎቶግራፍ መሣሪያ የብልጭታ መብራት መያዣ ነበር፤ በሸራው ላይ የምናየው ብርሃንም በአብዛኛው ፊልሙ ከተነሣ በኋላ በሥዕል የተጨመረ ነው። ለመድረክ የሚሠራ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። ብርሃኑ በተመልካቹ ፊት ከእጀታው መውጣት አለበት።

እጀታውን ብንከፍተው ሁለት የሊቲየም ባትሪዎች ተከታትለው እናገኛለን፤ አብረው 7.4 ቮልት ያህል ይሰጣሉ። ይህን ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ መቀነሻ አለ። ቀጥሎ የማዘዣው ሰሌዳ፣ የድምፁ ማጉያና ትንሽ ስፒከር ይመጣሉ። በቧንቧው ውስጥ ደግሞ ደብልዩ ኤስ 2812 ቢ የሚባሉት የኤል ኢ ዲ መብራቶች በጥብጣብ ላይ ተደርድረዋል። የእነዚህ መብራቶች ጠባይ ከተራ አምፑል ይለያል። እያንዳንዷ መብራት ትእዛዝ ተቀብላ የራስዋን ድርሻ ካስቀረች በኋላ የቀረውን ለጎረቤትዋ ታሳልፋለች፤ ትእዛዙም በአንዲት ሽቦ ላይ በሴኮንድ 800,000 ምልክት ያህል ይጓዛል። አንዷ በትክክል ያልሰማችውን ከእርስዋ በኋላ ያሉት ሁሉ ተሳስተው ይሰሙታል። ቀለሙ ከአንድ ቦታ ጀምሮ እስከ ጫፉ የሚዘበራረቀው ስለዚህ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ሁከቱ ከውጭ የመጣ፣ ማለት ከአዳራሹ ኮረንቲ ወይም ከተመልካቾች ስልክ የገባ ነው ይላሉ። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ኮረንቲ በጠፋበት ማታ ጎራዴው ደኅና በሆነ ነበር። (በዚህ ረገድ ለሙከራ የሚሆን ማታ በከተማችን አይታጣም።) ነገር ግን መብራት ኖረም ጠፋም ጎራዴው ያንኑ ጠባዩን ያሳያል። ስለዚህ ምክንያቱን በራሱ በእጀታው ውስጥ መፈለግ ይገባል።

የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በቦይ እንደሚሞላ የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቃል። አንድ ጠባብ ቦይ እናስብ፤ በመንገዱ ላይ ሁለት ትንንሽ ቦዮች፣ በላይኛው ጫፉ ደግሞ አንድ ትልቅ ውኃ ይገቡበታል። ትልቁ ውኃ በለቀቀ ቁጥር የጠባቡ ቦይ ውኃ ከፍ ይላል፤ ትንንሾቹም መውጫ አጥተው ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ብዙ ሠሪዎች ሽቦ ለመቆጠብ ሲሉ መብራቱን፣ ማጉያውንና የማዘዣውን ሰሌዳ በአንድ ቀጭን የኔጌቲቭ ሽቦ ላይ በየቦታው ይቀጥሏቸዋል። መብራቱ ትልቁ ውኃ ነው።

ይህን በቁጥር እንመልከተው። በአንድ ሜትር 60 መብራት ያለውን ጥብጣብ በሁለት ወገን ጀርባ ለጀርባ ብናደርገው 120 መብራት ይሆናል። እያንዳንዷ በሙሉ ነጭ ብርሃን 60 ሚሊ አምፔር ያህል ስለምትወስድ ድምሩ 7.2 አምፔር ይደርሳል። ስፋቱ 0.2 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ግማሽ ሜትር የመዳብ ሽቦ 0.043 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው፤ ሁለቱ ሲባዙ 0.31 ቮልት ይሰጣሉ። ይህ ማለት ለሁሉም ዜሮ ይሆናል ብለን ያሰብነው ሽቦ በአንድ ጫፉ ዜሮ፣ በሌላው ጫፉ ከዜሮ በላይ ነው ማለት ነው። በሽቦው ስፋት 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ብናደርግለት ግን 0.31 የነበረው ወደ 0.06 ይወርዳል።

ሦስት ዐሥረኛ ቮልት ምን ያደርጋል የሚል ይኖር ይሆናል። የዛሬዎቹ የማዘዣ ሰሌዳዎች ብዙዎቹ ምልክታቸውን በ3.3 ቮልት ይልካሉ። መብራቷ ግን በ5 ቮልት ስትሠራ ምልክቱን በእርግጥ የምታምነው ከአቅርቦትዋ ሰባት ዐሥረኛ፣ ማለት 3.5 ቮልት ሲደርስ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ከመጀመሪያውም በይሁንታ የሚያልፍ ነበር። በእርግጥ ኮረንቲው ሲበዛ የመብራቷም አቅርቦት ስለሚቀንስ መለኪያዋ አብሮ ዝቅ ይላል፤ ክፋቱ ግን ያ 0.31 ቮልት የረጋ አለመሆኑ ነው። መብራቶቹ ብርሃናቸውን የሚመጥኑት በሴኮንድ 400 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ በመብራትና በመጥፋት ስለ ሆነ፣ የኔጌቲቩ ሽቦም በዚያው ልክ ከፍ ዝቅ ይላል። በሴኮንድ 400 ጊዜ የሚናወጥ ነገር ደግሞ ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ነው። ማጉያው በዚሁ ሽቦ ላይ ከተቀጠለ ታማኝ አገልጋይ እንደ መሆኑ መጠን አጉልቶ ያሰማናል። የንቡ ቀፎና የቀለሙ መዘበራረቅ አንድ አባት ያላቸው መሆናቸው እንግዲህ ግልጽ ነው።

ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ብርሃኑን ወደ ስምንተኛ እጅ ዝቅ አድርጎ ማየት ነው፤ ሁከቱ ከጠፋ ጥፋቱ የኮረንቲው መንገድ ነው። ብርሃኑ ዝቅ ብሎም ጎራዴው ሲወዛወዝ ብቻ የሚቋረጥ ከሆነ ግን የላላ ብየዳ ወይም ውስጡ የተቆረጠ ሽቦ ይፈለግ። ቀጥሎ መብራቱ በሙሉ እየበራ፣ በመብራቱ ኔጌቲቭና በማዘዣው ሰሌዳ ኔጌቲቭ መካከል በመልቲሜትር መለካት ይገባል። ከ0.1 ቮልት በላይ ከተገኘ ሌላ ምስክር አያሻም። አንድ ሌላ መሣሪያ ደግሞ በየቤቱ አለ፤ እርሱም ትራንዚስተር ሬዲዮ ነው። ሬዲዮውን በመካከለኛ ሞገድ ከ800 ኪሎ ኸርትዝ አጠገብ፣ ጣቢያ በሌለበት ላይ አድርገን ወደ እጀታው ብናስጠጋው የትእዛዙ ሽቦ የሚረጨውን ጩኸት እንሰማለን፤ ሽቦው ሰፊ ዙሪያ በሠራበት በኩል ጩኸቱ ይበረታል። የትእዛዙ ሽቦ ተነቅሎም ጩኸቱ ካልቆመ መቀነሻው ነው ማለት ነው።

መድኃኒቱም ከዚሁ ይገኛል። መብራቱ፣ ማጉያውና ሰሌዳው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኔጌቲቭ ሽቦ ይኑራቸውና ሁሉም በአንድ ነጥብ፣ በመቀነሻው መውጫ ላይ ብቻ ይገናኙ። የመብራቱ ሽቦ ወፍራም ይሁን። የትእዛዙ ሽቦ አጭር ሆኖ እንደ ጅራፍ ከመብራቱ ኔጌቲቭ ጋር ይገመድ፤ ከስፒከሩ ሽቦም ይራቅ። በመጀመሪያዋ መብራት መግቢያ ላይ ከ300 እስከ 500 ኦም የሆነ ሬዚስተር፣ በጥብጣቡ ሥር ደግሞ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መካከል 1,000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ማድረግ የተለመደ ነው። ምልክቱን ከ3.3 ወደ 5 ቮልት የምታሳድግ ከ74 ኤች ሲ ቲ ዘር የሆነች ማሸጋገሪያም ዋጋዋ ትንሽ፣ ጥቅምዋ ብዙ ነው።

እጀታን በናስ ማስጌጥ ለሚወዱ አንድ ነገር እንጨምራለን። ኔጌቲቩ ናሱን በሁለት ቦታ ከነካው ናሱ ራሱ ሁለተኛ የመመለሻ መንገድ ይሆንና የደከምንበትን ያፈርሰዋል፤ ፖዘቲቩ ከነካው ደግሞ ነገሩ ከሁከት አልፎ እሳት ይሆናል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ የሊቲየም ባትሪዎች በአብዛኛው የራሳቸው መከላከያ የላቸውም፤ ሽቦዎቻቸው በተገናኙ ጊዜ ብዙ አምፔር በአንድ ጊዜ ይለቃሉ። ተዋናዩ ጎራዴውን የያዘው በባዶ እጁ፣ የለበሰውም ጥጥ ነው። ስለዚህ በባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ሳይገባ ጎራዴው ከቤት አይውጣ።

ብርድም የራሱ ድርሻ አለው። የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ ተቃውሞው ስለሚጨምር ኮረንቲ በተጠየቀ ጊዜ ቮልቱ ቶሎ ይወርዳል። በጎንደር አዳራሽ ውስጥ ደኅና የነበረውን ጎራዴ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በደባርቅ፣ ለማታ ትርዒት ሜዳ ላይ የሚያወጣ ሰው፣ ባትሪዎቹን ጫፎቻቸውን በላስቲክ ሸፍኖ ተራው እስኪደርስ ከጋቢው ሥር ይዟቸው ይቆይ።