ለመዝጋቢ እውነቱን ስለ መናገር

ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ መቅሠፍት እንደ ወረደ የሚያስታውስ ሰው መቈጠርን ቢፈራ አይደንቅም። ነገር ግን በዚያ የተወቀሰው በሠራዊቱ ብዛት የተመካው የንጉሡ ልብ ነው እንጂ ቍጥሩ አይደለም። ዮሴፍም ከእመቤታችን ጋራ ወደ ቤተ ልሔም የወጣው በአውግስጦስ ቄሣር ትእዛዝ ሊመዘገብ ነበር፤ ጌታችንም በዚያ ተወለደ።

በአገራችን ጠቅላላ የሕዝብ ቈጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተደርጓል፤ አራተኛው በ2011 ዓ.ም. ተላልፏል። ቈጠራ በዘገየ መጠን፣ ጥቂት ቤቶች ብቻ ተመርጠው የሚጠየቁበት የናሙና ጥናት ሸክሙ ይከብድበታል። በዚህ ጥናት አንድ ቤት ስለ ብዙ ቤቶች ይመሰክራልና፣ ግብር ይጨመርብኛል ብሎ ልጁን ወይም በሬውን የሚሸሽግ ሰው ሐሰቱ በራሱ ደጃፍ አይቀርም፤ ለጎረቤቱም ልጅ ትምህርት ቤትና መድኀኒት በጎደለው ቍጥር ይሰፈርለታል።

ስለዚህ ካህናት ይህንን በዐውደ ምሕረት ቢያስረዱ መልካም ነው። ሹማምንት ግን ከዚህ የበለጠ ዕዳ አለባቸው፤ ለስታቲስቲክስ የተሰጠ ቃል በሕግ ምስጢር ነውና ለግብር ወይም ለክስ አይፈልጉት። አንድ ጊዜ የተታለለ ባላገር ለሁለተኛው መዝጋቢ እውነቱን አይነግርም።