ላረጀ ውሻ ቆዳ ርካሹ መድኃኒት ምርመራ ነው

ለዓመታት ግቢ ሲጠብቅ የኖረ ውሻ በስተርጅናው ጠጉሩ መርገፍ፣ ቆዳው መቅላትና መቁሰል ሲጀምር ባለቤቱን ቶሎ የሚያሳስበው ወጪው ነው። ስለዚህ ከሐኪም በፊት ጎረቤት ይጠየቃል። አንዱ ነጭ ጋዝ ቀቡት ይላል፤ ሌላው ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ያመጣል፤ ሌላው ደግሞ ለከብት የተዘጋጀ አይቨርሜክቲን የተባለ የተባይ መድኃኒት በግምት ያስወጋዋል። እያንዳንዱ ሙከራ ለብቻው ሲታይ ርካሽ ነው፤ ሲደራረብ ግን ብሩ ያልቃል፣ ሕመሙም ይቆያል። ገንዘብ ያጠረው ሰው ያለችውን ብር አስቀድሞ ሕመሙን ለማስለየት ማዋል አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ለዓይን የሚመሳሰሉ የቆዳ ሕመሞች ሕክምናቸው ለየቅል ነው። ሳርኮፕተስ የምትባለው በዓይን የማትታይ ተባይ ቆዳ ሰርስራ ትገባለች። አብዛኛውን ጊዜ የጆሮ ጠርዝና ክርን ላይ ጀምራ ውሻውን እንቅልፍ ትነሳዋለች፤ ወደ ቤተሰቡም ተላልፋ ታሳክካለች። ዴሞዴክስ የምትባለው ሌላዋ ተባይ ግን በጤነኛ ውሻ የጠጉር ሥር ውስጥም በጥቂቱ ትኖራለች። በእርጅና ዘመን በድንገት ከበዛች የሰውነት መከላከያ ተዳክሟል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ከጀርባዋም የሆርሞን መዛባት ወይም ካንሰር ሊኖር ስለሚችል ተባይዋን ብቻ መግደል አይበቃም። ሳያሳክከው በሁለቱም ጎኑ ጠጉሩ የሳሳ፣ ምግቡ ሳይጨመር የወፈረና የፈዘዘ ውሻ ደግሞ የታይሮይድ ዕጢው ሊመረመር ይገባል። ሁለቱን ተባዮች ለመለየት ሐኪሙ ቆዳውን በምላጭ ፋቅ ያደርግና በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ሳርኮፕተስ አንዳንዴ ከዚህ ምርመራ ታመልጣለች፤ ያም ሆኖ ልምድ ያለው ሐኪም ከምልክቱ ተነስቶ ሊያክማት ይችላል። በግምት ማከም ከኪሳራም ያለፈ ጉዳት አለው። ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት ማሳከክን ቶሎ ስለሚያስታግስ ይወደዳል፤ ዴሞዴክስ ያለበትን ውሻ ግን መከላከያውን ይበልጥ አዳክሞ ያባብስበታል። ነጭ ጋዝ ቆዳ ያቃጥላል፤ ውሻው ሲልሰው ወደ ሳንባው ከገባ ሊገድለው ይችላል። አይቨርሜክቲንም ቢሆን በትክክለኛ መጠን ጠቃሚ መድኃኒት ነው፤ ሲበዛ ግን፣ እንደ ኮሊ ላሉ የእረኛ ዝርያዎች ደግሞ በትንሹም፣ አንጎል ይመርዛል።

«የእኛ አገር ሐኪም የሚያውቀው ከብት ነው፤ ለውሻ ማን አለ?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ለውሻና ለድመት የተዘጋጁ ክሊኒኮች ጥቂት ናቸው፣ ያሉትም በብዛት በከተማ ነው። ነገር ግን የእንስሳት ሐኪሞቻችን ለቆዳ ተባይ እንግዳ አይደሉም። የበግና የፍየል እከክ የቆዳ ፋብሪካዎቻችንን ለረጅም ጊዜ ያስቸገረ ጉዳይ ነው። ቆዳ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ማየትም ለበግ የሚሠራው በዚያው መንገድ ለውሻ ይሠራል። ቢሾፍቱ አካባቢ ላለ ሰው ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ይገኛል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ «አርጅቷል፣ ለምን ይወጣበታል?» የሚለው ነው። እርጅና ራሱ ቆዳ አያቆስልም። ሌሊቱን ሲያክ የሚያድር ውሻ የሚሠቃየው ብዙ ጊዜ ሊታከም በሚችል ነገር ነው፤ የቤቱን ጠባቂ በዚህ ሁኔታ መተው ደግሞ ልክ አይደለም። ደግሞም ከምርመራው በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው ከገንዘብ ይልቅ ጉልበት ይጠይቃል። ቁንጫ ከሆነ፣ ውሻው ላይ የሚታዩት ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ቀሪው እንቁላል፣ እጭና ሙሽሬ ሆኖ መኝታውና ወለሉ ላይ ስላለ፣ ምንጣፉን በፈላ ውሃ ማጠብና ማደሪያውን ደጋግሞ መጥረግ ከመድኃኒቱ እኩል ያስፈልጋል። ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ ከሆነ ሐኪሙ የሚያዘው ክሎርሄክሲዲን ያለበት መታጠቢያ ሳይለቀለቅ 10 ደቂቃ ያህል ቆዳው ላይ መቆየት አለበት፤ ቶሎ የታጠበ መድኃኒት ሥራውን አይሠራም። ክርኑ የደደረውና የቆሰለው ሲሚንቶ ላይ ስለሚተኛ ከሆነ ደግሞ፣ ገለባ የተሞላ ጆንያ ከሥሩ ማንጠፍና ገለባው ሲርስ መቀየር ከብዙ ቅባት ይሻለዋል።