ስለ ጥብቅ ሥፍራ አከላለልና ስለ መንደር ምክር

«ይጠብቃል» የተባለውን ቃል አላልቶ የሚያነብ ሰው ገመድ ሲከርር፥ ነገር ሲጸና ይታየዋል፤ አጥብቆ የሚያነብ ግን ዘብ የቆመ ሰው ይታየዋል። ፊደሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በንባቡ ነው። «ጥብቅ ሥፍራ» የሚባለውም ነገር እንዲሁ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ ወገን የከረረ ሕግ ነው፤ ይኸውም እዚህ አትረስ፥ እዚያ አትቍረጥ፥ ከዚህ ወር በፊት ከብት አታስገባ የሚል ነው። በሌላው ወገን ጠባቂ ሰው ይፈልጋል። ሕጉን መንግሥት ሊጽፈው ይችላል፤ እውነተኛው ጠባቂ ግን በዚያው መንደር የሚያድር፥ ቤቱን በሣር የሚከድን፥ ማገዶውን ከዚያው የሚለቅም ገበሬ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ጥብቅ ይሁን ተብሎ ከመወሰኑ አስቀድሞ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይምከርበት መባሉ ለጨዋነት ያህል የተጨመረ ሥርዓት አይደለም።

በአገራችን ይህን ነገር አጥርቶ የሚያሳይ ቦታ የመንዝ ጓሳ ነው። ጓሳ በሰሜን ሸዋ፥ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ብርዳም ደጋ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ የሚመነጨው ውኃ ከፊሉ ወደ ምዕራብ ወርዶ ከዓባይ ይገባል፤ ከፊሉም በምሥራቁ ገደል ወርዶ ከአዋሽ ይገናኛል። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። የመንዝ ሰው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፥ ገመድ ይገምድበታል፥ እረኛውም ከዝናም የሚሸሸግበትን ጌሳ ይሠራበታል። በድርቅ ዘመን ደግሞ ከብቱን የሚያተርፍበት የመጨረሻ ግጦሽ ይኸው ነው። ረጅሙ ሣር ለአይጥ መጠለያ ይሆናል፤ አይጡም ለቀይ ቀበሮ ምግብ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኝ አውሬ ሲሆን ቍጥሩ በጠቅላላው 500 ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ገበሬው ሣሩን ለክዳኑ ብሎ ሲጠብቅ፥ ሳያስበው ቀበሮውንም ጠብቆ ኖሯል።

የጥበቃው ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። መነሻው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ሆነ ይነገራል። አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ምድሪቱን ተካፈሉ፤ ዘሮቻቸውም በየድርሻቸው አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። አባ ቄራ የሚመረጠው ባለመብቶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ነው። ጓሳው ለ3 ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ለ5 ዓመት ያህል ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ የሚከፈትበት ቀን ይነገርና ሁሉም በበጋ ወጥቶ ያጭዳል። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሐምሌ 5 ቀን፥ በሐምሌ አቦ በዓል፥ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ጓሳው መዘጋቱ ይታወቃል። የዚህን ቀን አመራረጥ ማስተዋል ይገባል። በንግሥ ቀን ያልመጣ ሰው ጥቂት ነውና፥ ከዚያ በኋላ «አልሰማሁም» የሚል አይኖርም። ማስታወቂያ በግድግዳ ከመለጠፍ ይህ ሳይሻል አይቀርም። የሚጠብቁትም ባለመብቶቹ ራሳቸው በተራ እየወጡ ነበር፤ በተዘጋው ሣር ላይ ማጭድ ይዞ የተገኘም ከባድ ቅጣት ይቀበል ነበር።

ይሁን እንጂ የቀድሞውን ሁሉ ማሞገስ አይገባም። በቄሮ ሥርዓት ቃል የነበረው ትውልዱን ከአስቦ ወይም ከጌራ የሚቈጥር ብቻ ነው። ከዚያ ዘር ያልሆነ ጭሰኛ ወይም የእጅ ባለሙያ በዚያው ብርድ እየኖረ፥ ስለ ሣሩ ሲመከር ግን ከውጭ ቆሞ ነበር። ምክር ነበረ፤ ግን የመንደሩ ሁሉ ምክር አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ሲወጣ ይህ ልዩነት በሕግ ተሻረ። ከርስቱ ጋር ግን አባ ቄራም አብሮ ተሻረ። ጓሳው የመንግሥት ሆነ ተባለ፤ የመንግሥት የሆነውንም በቅርብ የሚጠብቀው ሰው አልተገኘም። ቀድሞ የተከለከለውም ባለመብት የነበረውም፥ ሌላው ሳይቀድመኝ ብሎ ማጭዱን ይዞ ገባ። ፍትሕ መጣ፥ ሥርዓት ግን ሄደ ማለት ይቻላል። የመንዝ ገበሬዎች ይህን አይተው ዝም አላሉም። ሁሉም የሚያውቀውን የዕድርን መልክ ይዘው አዲስ ማኅበር አቆሙ፤ በዙሪያው ያሉት የገበሬ ማኅበራትም ወኪሎቻቸውን መርጠው ላኩ። በዚህ ጊዜ መብቱ የዘር መሆኑ ቀርቶ የነዋሪነት ሆነ፤ የመዝጊያና የመክፈቻው ልማድ ግን ከቀድሞው ተወሰደ። ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህም ነገሩ በጥናትና በስብሰባ ተደግፎ፥ ቦታው በአማራ ክልል «የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ» ተብሎ በሕግ ታወቀ። መንግሥት እዚህ ያደረገው አዲስ ነገር መፍጠር ሳይሆን፥ ሕዝቡ ሲጠብቀው የኖረውን ማጽናት ነው።

የስሜን ተራሮች ነገር ከዚህ ይለያል። ስሜን በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቈጠረ፤ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ ዝርዝር ወጣ። በዚህ መካከል በፓርኩ ውስጥ ከነበረው ከግጭ መንደር ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች፥ ንግግር ተደርጎ ካሣም ተከፍሏቸው፥ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል። ዋልያው ግጦሽ አገኘ። ገብስ ዘርቶ በግ አርብቶ የኖረ ሽማግሌ ግን ከተማ ገብቶ በካሣ ገንዘብ እንዴት እንደሚኖር የሚያስተምረው አባት የለውም። እንዲህ ባለ ጉባኤ «እሺ» የተባለውን ቃል ከመመዝገብ በፊት፥ «እምቢ» ማለት ይቻል ኖሮ እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ኅብረተሰባቸውን በሚመለከት ጉዳይ ላይ አስተያየታቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው፥ በአንቀጽ 92ም ሕዝብ በሚነካው የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ላይ ከጥንስሱ ጀምሮ ሐሳቡ ሊሰማ እንደሚገባ ይናገራል። መብቱ ተጽፏል፤ አስቸጋሪው አፈጻጸሙ ነው። ካርታው ተሥሎ ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ማስታወቂያ እንጂ ምክር አይባልም። በአጨዳ ወቅት የተጠራም እንደዚያው ነው፤ የሚመጡት ሥራ የፈቱት ብቻ ናቸውና። እንጨት የምትለቅመው ሴት፥ በጉን የሚያግደው ልጅ፥ መሬት የሌለው ጎልማሳ በቦታው ከሌሉ፥ ስለ ክልከላው የሚወስኑት ክልከላው የማይጎዳቸው ይሆናሉ። የተነገረውም በቃለ ጉባኤ ተጽፎ፥ ሕዝቡ ሳይበተን በጉባኤው ፊት መነበብ ይገባዋል።

ይህ ነገር የገበሬው ብቻ ሳይሆን የገዳማትም ነው። በሰሜኑ ደጋ ከጥንቱ ደን የተረፈው አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ነው፤ በደቡብ ጎንደር በአንዳንድ አጥቢያዎች ምእመናኑ ከእርሻቸው ድንጋይ ለቅመው ደኑን በካብ አጥረውታል። ጣና ሐይቅና ዙሪያውም ከነደሴቶቹ ገዳማት በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለው ክልል በሦስት ይከፈላል፤ ምንም የማይነካበት እምብርት፥ በመጠን የሚሠራበት ዙሪያ፥ ሰው እንደ ልማዱ የሚኖርበት ዳር። ስለ አንድ ገዳም ደን እንዲህ ያለ ምክር ሲጠራ፥ መነኰሳቱ ደኑን ከሁሉ በፊት ጠብቀናል ብለው ከጉባኤው መቅረት አይበጃቸውም። ለቤተ ልሔሙ ማገዶ ከወደቀ ዛፍ ይለቀም እንደ ሆነ፥ ለመቅደሱ እድሳት ምሰሶ በማን ፈቃድ እንደሚቈረጥ፥ ወደ ጠበሉ የሚያወርደው መንገድ በየትኛው ክፍል እንደሚያልፍ፥ ለዓመቱ በዓል የሚመጣው ተሳላሚ በየት አድሮ እሳቱን የት እንደሚያነድ በዚያው ቀን መናገርና ማስጻፍ አለባቸው። አለዚያ በክብረ በዓሉ ዋዜማ ከሩቅ አገር የመጣች ባልቴት፥ ስለ ጠበሉ ምንም ያልተነገረው የደን ዘበኛ ከመንገድ ይመልሳታል፤ እርሱም የታዘዘውን ፈጽሟልና አይወቀስም።