ሬዲዮው ዝም ሲል በመጀመሪያ ምን እናድርግ?

ሬዲዮ ለገበሬ ቤት ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። ስለ ዝናቡ ሁኔታ ይነግረናል። የእህልና የቡናን ዋጋ ያሰማናል። ስለ ሰውና ስለ ከብት በሽታ፣ ስለ እንሰት አጠውልግም ያስጠነቅቀናል። ሬዲዮው ዝም ያለበት ቤት ግን የገበያን ወሬ የሚሰማው ከነጋዴው አፍ ብቻ ነው። ነጋዴው ደግሞ ለራሱ የሚበጀውን ዋጋ ነው የሚናገረው።

በአገራችን ሬዲዮ መነገር የጀመረው ከ1928ቱ የኢጣልያ ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በሀዲያና በከምባታ ገጠር ሬዲዮ ያለው ቤት ብዙ ነው። መብራት በገባበት ቀበሌና በከተሞቹም በየጣራው ላይ ዲሽ ይታያል። ይሁን እንጂ ሬዲዮው ሲንሾካሾክ ወይም ቴሌቪዥኑ ሲጨልም ብዙ ሰው ወዲያው ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ሆሳዕና ወይም ወደ ዱራሜ ይወርዳል። ቅቤ ወይም ዶሮ ተሸጦ ለጠጋኝ ይከፈላል። እዚያ ሲከፈት ሬዲዮው ደህና አድርጎ ይናገራል። ቤት ሲመለስ ደግሞ ያው ነው፤ ይንሾካሾካል። ይሄ ለምን ይሆናል?

ለካስ የታመመው ሬዲዮው አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ችግሩ ያለበትን ቦታ እንፈልግ። ችግሩ ከአራት ቦታዎች በአንዱ ይገኛል። አንደኛ፣ ድምፁን የሚልከው ጣቢያ ነው። ሁለተኛ፣ ድምፁ የሚመጣበት መንገድ ነው። ሦስተኛ፣ ለሬዲዮው ጉልበት የሚሰጠው የባትሪ ድንጋይ ነው። አራተኛ፣ ሬዲዮው ራሱ ነው። ጠጋኝ የሚያስፈልገው ለአራተኛው ብቻ ነው።

የጎረቤት ሬዲዮ

የመጀመሪያው ምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም። የጎረቤትን ሬዲዮ እንዋስና የእኛ ሬዲዮ በተቀመጠበት ቦታ ላይ እናስቀምጠው። በዚያው ሰዓት ያንኑ ጣቢያ እንክፈት። የጎረቤቱም ከተንሾካሾከ ችግሩ በጣቢያው ወይም በቦታው ነው። የጎረቤቱ ደህና ከተናገረ ግን ችግሩ በእኛ ሬዲዮ ወይም በድንጋዩ ነው። ሌላም እንይ። ሁሉም ጣቢያ ጠፍቶ ነው ወይስ አንዱ ብቻ? አንዱ ብቻ ከጠፋ ጣቢያው ሥራ አቁሞ ወይም ቁጥሩን ለውጦ ሊሆን ይችላል።

የባትሪ ድንጋይ

ድምፁ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ከመጣ፣ ወይም ሲጮህ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ድንጋዩ ደክሟል ማለት ነው። ድንጋዮቹ ሲገቡ የመደመር ምልክት (+) እና የመቀነስ ምልክት (−) በሬዲዮው ላይ ከተጻፈው ጋር ይግጠሙ። አዲስና አሮጌ ድንጋይ አንድ ላይ አይከተት። አንዱ የደከመ ድንጋይ የሌሎቹን ጉልበት ያባክናል።

አንዳንድ ሰው የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ሙቀቱ ለጥቂት ጊዜ ያነቃዋል እንጂ አያድነውም። እሳት አጠገብ ማስቀመጥ ግን አደገኛ ነው፤ ሊፈነዳ ይችላል። ውኃ ያወጣ ድንጋይ ከተገኘ ቶሎ እናውጣው። ድንጋዩ የሚነካቸውን ብረቶች በደረቅ ጨርቅ እንጥረግ፤ እጃችንንም እንታጠብ። ሬዲዮው ለብዙ ጊዜ የማይከፈት ከሆነ ድንጋዩን አውጥቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

ቦታና አንቴና

ብዙ ሰው ድምፅ ሲጠፋ ረጅሙን የብረት አንቴና ይስባል። ይሄ የሚጠቅመው ለኤፍ ኤም እና ለአጭር ሞገድ ነው። ለመካከለኛ ሞገድ ግን አንቴናው ያለው በሬዲዮው ሆድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሬዲዮውን ራሱን ቀስ አድርጎ ማዞር ያስፈልጋል። በአንድ በኩል ሲዞር ይደክማል፤ በሌላ በኩል ሲዞር ይጠራል። የጠራበትን አቅጣጫ ምልክት እናድርግበት።

ቤቱም ይወስናል። የሬዲዮ ሞገድ በሣር ክዳን ውስጥ አልፎ ይገባል። ቆርቆሮ ግን ብረት ስለሆነ ሞገዱን ይከለክለዋል። በጎጆ ቤት ደህና ይናገር የነበረ ሬዲዮ አዲስ ቆርቆሮ ቤት ሲገባ የሚንሾካሾከው በዚህ ምክንያት ነው። ሬዲዮው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጣራው ነው። ወደ መስኮት ወይም ወደ በር ሲጠጋ ይሻለዋል።

የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ተራራ ከጋረደው ይቀራል። ከአምበሪቾ ተራራ ጀርባ ወይም ወደ ግቤ ወንዝ በሚያቆለቁለው ቆላ የሚኖር ሰው አንዳንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ ባይሰማ ሬዲዮው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። አጭር ሞገድ ግን ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው አየር ላይ ነጥሮ ይመለሳል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት ከዚያ ሩቅ አገር ድረስ ይሰማ የነበረው በዚህ መንገድ ነው። የመካከለኛ ሞገድም ሲመሽ ሩቅ ይሄዳል። ስለዚህ ማታ ማታ የሌላ አገር ጣቢያ ቢደባለቅብን የሬዲዮው ጥፋት አይደለም።

ደግሞም እርርር የሚል ድምፅ ሲሰማ አጠገባችን ያሉትን ዕቃዎች እንመልከት። የስልክ ቻርጀር፣ የሶላር መብራትና የወፍጮ ሞተር ሬዲዮን ይረብሻሉ። አንድ በአንድ እያጠፋን እንሞክር። አንዱን ስናጠፋ ድምፁ ከጠራ፣ የሚረብሸው እሱ ነው።

ቴሌቪዥንና ዲሽ

የድሮው ቴሌቪዥን ሞገዱ ሲደክም በረዶ የሚመስል ነገር ያሳይ ነበር። የዲሽ ቴሌቪዥን ግን እንዲህ አይደለም። ሞገዱ ከበቃ ምስሉ ጥርት ይላል፤ ትንሽ ከጎደለ ይቆራረጣል፤ ከዚያ ካነሰ ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ ምስሉ ድንገት ቢጠፋ የጎደለው ጥቂት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሳተላይቱ ያለው ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ናይልሳት ከእኛ በምዕራብ በኩል ነው፤ ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ሳተላይት በምሥራቅ በኩል ነው። ዲሹ ጣት በሚያህል ቢዛነፍ እንኳ ሳተላይቱን ይስታል። ነፋስ፣ ወፍ ወይም የሚጫወት ልጅ ያዛንፈዋል። ሌላው ጠላት ቅጠል ነው። ዲሹ ሲተከል ትንሽ የነበረ ባሕር ዛፍ ወይም እንሰት ከሁለት ዓመት በኋላ አድጎ ፊቱን ይጋርደዋል። ቅጠሉ ዝናብ ሲነካው የባሰ ይከለክላል። ከባድ ዝናብም ራሱ ምስሉን ያጠፋል። ያን ጊዜ ዝናቡን መጠበቅ እንጂ ዲሹን መነካካት አይገባም። ደህና የነበረውን ዲሽ ካዛነፍነው በኋላ ዝናቡ ቢያባራም ምስሉ አይመለስም።

አንድ ጣቢያ ብቻ ከጠፋ በሪሲቨሩ እንደገና ጣቢያ እንፈልግ። ሁሉም ከጠፋ መጀመሪያ መብራቱን፣ ቀጥሎ የገመዱን ሁለት ጫፎች፣ ቀጥሎ ዲሹን እንይ። ሁሉን ባንድ ጊዜ አንነካካ። አንዱን አይተን፣ ውጤቱን አውቀን፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ።

መብረቅ

ነጎድጓድ ከመሰማቱ በፊት የቴሌቪዥኑ ሶኬትና የዲሹ ገመድ ቀድመው ይነቀሉ። ነጎድጓድ መሰማት ከጀመረ በኋላ ግን ገመዱ አይነካ፤ ጣራም ላይ አይወጣ። የሬዲዮን ወይም የዲሽን ሽቦ ከመብራት መስመር አጠገብ መዘርጋት ሰው ይገድላል። የቴሌቪዥን ሆድም አይከፈት። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ አሮጌው ቴሌቪዥን ውስጥ የሚገድል ኤሌክትሪክ ይቀራል።

ጽፎ መያዝ

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርት ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች ሀዲያኛና ከምባትኛ ይገኙበታል። ማንበብና መጻፍ ለሬዲዮም ይጠቅማል። በደብተር ላይ የጣቢያውን ቁጥር፣ የሚሰማበትን ሰዓት፣ ድንጋይ የተለወጠበትን ቀን እንጻፍ። ይሄን ሁሉ መርምረን የጎረቤት ሬዲዮ እየተናገረ የእኛ እምቢ ካለ፣ ያኔ ወደ ጠጋኝ እንሂድ። «ድንጋዩ አዲስ ነው፤ በዚያው ቦታ የጎረቤቴ ሬዲዮ ይናገራል» ብሎ ማስረዳት የሚችልን ሰው ማንም በቀላሉ አያታልለውም።

ጥያቄዎች

1. ለመካከለኛ ሞገድ የሚዞረው ምንድን ነው?
2. የጎረቤት ሬዲዮም በቤታችን ከተንሾካሾከ ችግሩ የት ነው?
3. በቤታችሁ ያለው ዲሽ ፊቱ ላይ ምን ይታያል? ወጥታችሁ ተመልከቱ።